የተራራውን አፍ የሰፋንበት ቀን

ለምሳሳልሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እህል ይወርድልሻል? የላይኛው ክፍል መስኮት ሲዘጋ ትንሽ ወደ ላይ ካላነሳሽው አይገጥምም፤ ብቻሽን ስትታገዪው ይታየኛል፣ ሆዴም ይባባል።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እጄም እግሬም አለ፣ የሰጡኝን እበላለሁ፣ ጋደም ስል እንቅልፍ ይወስደኛል ማለቴ ነው። የቀረውን በተራው እነግርሻለሁ። እባክሽ እንደ ልማድሽ መጨረሻውን ቀድመሽ አታንብቢ።

ይህን የምጽፍልሽ ከተራራው ግርጌ ካለች የመንገደኛ ማረፊያ ቤት ሆኜ ነው። አብሮኝ የወጣው ጥርስ ነቃዩ ስንወርድ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት እንደ ዳቦ አብጧል፣ እስኪሻለው ሳምንት ያህል እዚህ እንቆያለን። ደብዳቤውን ጨው የሚያመላልስ ጋሪ ነጂ ያደርስልሻል። ከእኔ ቀድሞ እጅሽ እንዲገባ የፈለግሁበት ምክንያት አለኝ።

ሳልሰናበትሽ ወጣሁ። ሻይሽን አፍልቼ፣ ዳቦውን በጨርቅ ሸፍኜ፣ ሥራ እንደሚሄድ ሰው በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ። ብነግርሽ ትይዥኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ጠዋት የሚይዘኝ ሰው እየፈለግሁ ነበር። አንድ ቃል ብትናገሪ እቀር ነበር። ፈሪነቴን ከእናታችን ቀጥሎ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ድመት ጣሪያ ላይ ስትዘል «ማነው?» ብላ የምትጮህ ሰው ተራራ ወጣች ሲሉሽ ሳትስቂ አልቀረሽም።

የጥሪውን ነገር አብረን ኖረነዋል፤ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ እጄ አይፈታልኝም። ባለፈው በጋ፣ ቀትር ላይ ነፋሱ ድንገት ቀጥ ሲል፣ ሰዓት ጠጋኙ የያዘውን ብሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «መጣሁ» ብሎ ወጣ። ሱቁን እንኳ አልዘጋም። መንገድ ላይ ያገኙት ሰላም ሲሉት ፈገግ ብሎ አለፋቸው፣ ወደ ተራራው ሄደ፣ በዚያው ቀረ። በሳምንቱ ልብስ አጣቢዋ ሄደች። ከእሷ በኋላ ሁለቱ የዳቦ ቤቱ ወንድማማቾች። ነገሩ የገባን አንዱን በገመድ አስረው ካስቀሩት በኋላ ነው። የሚጠራቸው የሚወዱት ሰው ድምፅ ነበር። የሞተችው እናት፣ አገር ጥሎ የሄደው ልጅ፣ እዚያው አጠገብ የተቀመጠችው ሚስት ሳትቀር። ጆሮ ውስጥ ጥጥ መጠቅጠቅ አልረዳም፤ ድምፁ የሚሰማው ደረት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀትር ሲቃረብ ከተማው በሙሉ በሩን ቀርቅሮ ራሱን ከአልጋ እግር ጋር ማሰር ጀመረ። ውጭ የሚቀሩት ውሾች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ጭራቸውን ሸጉጠው ግድግዳ ሥር ይለጠፋሉ።

አሁን ስድስት ወር አንቄ የያዝኩትን ልንገርሽ። ባልሽ ጋሼ የሄደ ዕለት የት እንደነበርኩ ስትጠይቂኝ ሥራ ቦታ ነበርኩ አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ። ቤት ነበርኩ።

አንቺ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ነበርሽ። ጋሼ ቀትር ገና ነው ብሎ ገመዱን ሳያስር ሾርባውን ይጠጣል። እኔ እንደምታውቂኝ ከሰዓቱ ቀድሜ ከአልጋዬ ጋር ታስሬያለሁ። ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ቀና አለ፣ ፊቱ የሕፃን ልጅ ፊት ሆነ። የገመዴ ቋጠሮ በእጄ ነው፣ አንዴ ብስበው ይፈታል። በአጠገቤ ሲያልፍ የኮቱ ጫፍ ጉልበቴን ነካኝ። እጄን ብዘረጋ እይዘው ነበር፤ አልዘረጋሁም። ብይዘው ጎትቶ ይወስደኛል ብዬ ፈራሁ። በሩን ሲከፍት ዓይኔን ጨፈንኩ። አንቺ ስትመለሽ ሾርባው ገና አልቀዘቀዘም፣ እኔ ደግሞ አሁን ከሥራ የገባሁ ለመምሰል ኮቴን ለብሼ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩሽ። አቅፈሽኝ ስታለቅሺ እኔም አለቀስኩ። ያ ለቅሶ ምን እንደነበረ አሁን ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ጥርስ ነቃዩ ወደ ሸራ መስፊያ ቤታችን መጥቶ ቆዳ መስፋት የሚችል ሰው ሲፈልግ፣ ሌሎቹ ሰፊዎች ሥራቸው ላይ ሲያቀረቅሩ የእኔ እጅ ተነሣ። ቀና ብዬ ሳየው የማን እጅ ነው አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእሱ አያት ዘመንም ተራራው ይጠራ ነበር አሉ። ያን ጊዜ አፉን በቆዳ ሸፍነው፣ ዓለቱ ላይ ከተተከሉ የብረት ቀለበቶች ጋር ሰፍተውት ጸጥ አለ። ቆዳው አርጅቶ ተቀደደ፣ ተራራውም እንደገና አፉን ከፈተ። ቀለበቶቹ እዚያው ስላሉ አዲስ ቆዳ መስፋት ብቻ ነው የቀረው። ብቻ! ከእኛ በፊት ጠመንጃ ያነገቱ አሥራ አንድ ጎበዞች ወጥተው አንድም አልተመለሰም። ጥርስ ነቃዩ ስህተቱ እሱ ነው ይላል፤ ጎበዝ የተባለ ሰው የሚወደው ብዙ ነው፣ ስለዚህም የሚጠራው ብዙ ነው፤ መሄድ ያለበት ማንም ከቁጥር የማያስገባው ሰው ነው አለ። እኔን እያየ መሆኑን ልብ በይልኝ።

እሱን ታውቂዋለሽ። ያለ ማደንዘዣ ነቅሎ ሲያበቃ «አላመመህም» ብሎ የሚከራከረው፣ ልጆች ሲያዩት አፋቸውን በእጃቸው የሚይዙለት ሽማግሌ። ጥሪው ከጀመረ አንድም ቀን አልተጠራም። «እኔን በፍቅር የጠራኝ ሰው ስለሌለ ተራራው የሚያስመስለው ድምፅ አጣ» ሲለኝ የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሁለተኛው የዱቄት ፋብሪካው ተሸካሚ፣ ግንቡ የሚሉት ነው። ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፣ አይናገርም፤ ጥሪውም አይሰማውም። አሥራ ሁለት የበሬ ቆዳ ገጣጥሜ ሰፍቼ ስጨርስ ጠቅልሎ እንደ ትራስ ተሸከመው። ሦስተኛው ፀጉር አስተካካዩ፣ ወሬ ስለሚቀድ ቀደዳ የሚሉት ነው፣ አንበሳ በምላጭ ላጭቻለሁ ብሎ ጋሼን ወንበሩ ላይ እስኪያንቀው ያሳቀው። በወጣትነቱ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ያን ተራራ አቋርጫለሁ ይል ነበር። ማንም አላመነውም፣ ግን መንገዱን አውቃለሁ ያለ ሌላ ሰው አልነበረም። ሚስት የለኝ ልጅ የለኝ፣ ማን ይጠራኛል ብሎ ምላጩን ኪሱ ከቶ ተከተለን። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ ከመነሳታችን በፊት ሦስት ጊዜ ያስመለሳት ሸራ ሰፊ።

በድንኳን ገመድ ወገብ ለወገብ ታስረን ወጣን። ግንቡ ከፊት፣ ቀጥሎ ቀደዳ፣ ከዚያ እኔ፣ ጥርስ ነቃዩ ከኋላ። ቀደዳ ለገበያ የሚነዱ ፍየሎች መስለናል ብሎ እያሳቀ አስኬደን። ቀትር ሲደርስ ግንቡ ገመዱ ላይ ይቀመጣል፣ እኛ መሬት ይዘን እንተኛለን። ሰው አስፈሪ ሲባል ጩኸት ይመስለዋል። እኔን ያንቀጠቀጠኝ ለስላሳነቱ ነው። እናታችን ናት፣ ልክ ከትምህርት ቤት ስመለስ እንደምትለኝ፣ «ሚጢ፣ ምሳሽ ቀዘቀዘ እኮ» ትለኛለች። ሌላ ምንም የለም። ይህችን ስሰማ ጥፍሬ እስኪደማ አፈር ቧጠጥኩ። ግንቡ ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ፀጥ ብሎ ዳቦውን ይበላል። ፍርፋሪውን ከጉልበቱ ላይ ሲያራግፍ ማየት ነው ያቆየኝ።

የቀደዳ መንገድ አንድም አልተሳሳተም። ለሁለት የተሰነጠቀ ድንጋይ ታገኛላችሁ አለ፣ አገኘን። ደረቅ ወንዝ አለ፣ አለ። ጣሪያው የወደቀ የድንጋይ ጎጆ አለ፣ እሱም ነበር። ያለው ሁሉ ልክ ሲሆን ይበልጥ እየፈራሁ ሄድኩ። የሚያወራው እውነት የሚሆን ሰው ቀደዳ አልመስልሽ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ተራራው ቀትርን መጠበቅ ተወ። ጠዋቱን ሁሉ ይጠራል። ጥርሴን ነክሼ የግንቡን ጀርባ እያየሁ ስሄድ ቀደዳ ወሬውን እንዳቆመ ልብ አልኩ። ቀደዳ ዝም ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ ከጥሪውም በላይ አስበረገገኝ። ምን ሆንክ አልኩት። የምትጠራው ልጁ እንደሆነች ነገረኝ። ልጅ የለኝም ብለህ አልነበር ስለው ዞሮ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«ዋሽቼ ነው» አለ።

ምላጩን አወጣና ከፊቱም ከኋላውም ገመዱን ቆረጠ። እጄን ዘረጋሁ፣ እትዬ፣ ይህን ጊዜ ዘረጋሁ። ኮቱን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። እሱ ግን ከኮቱ ውስጥ ሾልኮ ወጣና ሮጠ። ግንቡ ገመዱ ሲላላ ተሰምቶት ቆዳውን ጥሎ ተከተለው፤ አልደረሰበትም። ኮቱ እጄ ላይ ቀረ። ኪሱ ውስጥ ማበጠሪያና የሴት ልጅ ፀጉር ማስያዣ ነበር።

የተራራውን አፍ እንዴት ልግለጽልሽ? ዋሻ አይደለም። ወፍራም ከንፈር ያለው ስንጥቅ ነው፣ የከተማ አዳራሹን በር ያህላል። ከውስጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ሽታው ሰው ብዙ የዋለበት ክፍል ሽታ ነው። ከፊት ለፊቱ ጫማ ተደርድሯል። አልተጣለም፣ ተደርድሯል እልሻለሁ፤ ሰው ቤት ሲገባ እንደሚያወልቀው፣ ጥንድ ጥንዱን፣ ጫፉ ወደ ውስጥ። የጎበዞቹ ቦቲ አለ፣ የአጣቢዋ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አለ። መጨረሻ ላይ የቀደዳ፣ ሙቀቱ ገና ያልለቀቀው። የጋሼም አለ። ተረከዙን ጥቁር ክር አጥቼ በቀይ የሰፋሁለት ጊዜ የሳቅሽብኝን ታስታውሺያለሽ። አቧራውን ጠርጌ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ከጫማቸው በስተቀር ያየነው ሰው የለም። ተስፋ እንዳልሰጥሽ ብዬ ነው በግልጽ የምጽፈው።

ከመጀመሪያው ቀለበት ጋር ራሴን አስሬ ሥራ ጀመርን። ግንቡ ቆዳውን በደረቱ ዓለቱ ላይ ይጫነዋል። እኔ በወስፌ እበሳና መርፌውን አስገባለሁ፤ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ በጣት አይወጣም፣ ጥርስ ነቃዩ በጉጠቱ ይዞ ይስባል። እንደ መንጋጋ ጥርስ ነው እያለ ያማርራል። ከቆዳው ወዲያ ግን ሁሉም ነበሩ። ሰዓት ጠጋኙ ስንት ሰዓት ሆነ ይላል። ቀደዳ አዲስ ወሬ ጀምሮ ይስቃል፣ ሳቁ ራሱ ነው፣ ሳቅ መጣብኝና አፌን ያዝኩ። ከዚያ ጋሼ መጣ።

«ኮቴ ጉልበትሽን ነክቶት ነበር» አለኝ። «ለምን አልያዝሽኝም?»

ይህን ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አልተቆጣም። ጨው የት ነው ብሎ እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀኝ። መርፌውን አውራ ጣቴ ውስጥ ሰካሁት። ነቅዬ አወጣሁና ሰፋሁ።

ከሰዓት በኋላ መዳፍ የምታህል ክፍተት ብቻ ቀረች። እሷ ግን አልዘጋ አለች። ክሩን በሰም አሽቼ፣ አጥፌ ድርብ አድርጌ፣ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስት ጊዜ ትንፋሹ በጠሰው። በእያንዳንዱ ጊዜ የሰፋነውም አብሮ ይተረተር ጀመር። ጥርስ ነቃዩ ጉጠቱን አስቀምጦ ተቀመጠና እያየኝ ሳይሆን ድንጋዩን እያየ ማውራት ጀመረ። ያኔ የሰፋው የገዛ አያቱ ነበር። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ኖሯል።

«አንድ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም» አለኝ። «ሲወለድም እንዲያ ነው ብለውን ነበር። እናቴ ግን ልጅ ሳለች ሲዘፍን ትሰማው እንደነበር አንድ ቀን አምልጧት ነግራኛለች።»

ቀጥሎም ቅድም እኔ ክሩን ስደርብ እሱ ጎንበስ ብሎ የራሱን ድምፅ ሊሰጥ ሞክሮ እንደነበር፣ ተራራው ግን እንዳልፈለገው ነገረኝ። በእሱ ማንን ይጠራበታል? ግንቡ ደግሞ የሚሰጠው የለውም። እንድሰጥ አልለመነኝም፣ በዚህ አመሰግነዋለሁ።

እትዬ፣ እውነቱን ልጻፍልሽ። ገመዴን ፈትቼ ሸሸሁ። አሥር እርምጃ ያህል ወርጃለሁ። ተደናቅፌ የወደቅሁት ጫማዎቹ መካከል ነው። ከቀደዳ ጫማ ቀጥሎ ባዶ ቦታ አለ፣ አንድ ጥንድ የሚበቃው። ቦታውን ሳየው ያንቺ ጫማ ታየኝ፤ ቡናማው፣ በግራ በኩል የሚያዘነብለው። ጫፉ ወደ ውስጥ ዞሮ። ከዚያ በላይ የሚያስፈራ ነገር ተራራው ውስጥም አልነበረም።

ተመለስኩ። አፌን ክፍተቷ ላይ ገጠምኩ። መጀመሪያ ለጋሼ ጥያቄውን መለስኩለት፤ ፈርቼ ነው፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ከዚያ ስላንቺ ነገርኩት፣ እንዴት እንደምትውዪ፣ ሳህኑን አሁንም ለሦስት ሰው እንደምታወጪ። ከዚያ የማውቀውን ሁሉ አወራሁ፣ የልጅነት ጨዋታችንን፣ የሠራተኞቹን ሐሜት፣ የተጣላናቸውን ሁሉ፣ መንገር ፈልጌ ያልነገርኩሽን። እስኪያልቅ ድረስ አወራሁ። እስኪያልቅ ስልሽ፣ እስኪያልቅ ነው። ድንጋዩ ውሃ እንደሚጠጣ ሰው ሳበው። ከንፈሩ ተሰበሰበ፣ ትንፋሹ ቆመ። ጥርስ ነቃዩ የመጨረሻውን መርፌ ጎትቶ አወጣ፣ እኔ ቋጠርኩ። ብዙ ሳይቆይ ነፋስ ተነሣና የግንቡን ሸሚዝ አራገበው።

ጥርስ ነቃዩ ቀርቦ «አመመሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ቃል ከአፉ የሰማ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁለት። እሱ ግን ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ከግንቡ ጋር ጥሩ ተግባብተናል። የውሃን፣ የዳቦን፣ የ‹ቆይ›ን፣ የ‹ይበቃል›ን ምልክት በእጁ አስተምሮኛል፣ ስሳሳት ይስቅብኛል። የማረፊያ ቤቷ ባለቤት የምትጠይቀኝን ጥርስ ነቃዩ ይመልስልኛል፣ ሁሉንም ያዛባዋል። ሾርባ ስፈልግ ሻይ ያዝልኛል። ትናንት እህት አለኝ በላት ብዬ ስጠቁመው ጥርሷን ታማለች ብሎ ነገራት።

ስመጣ በር ላይ በጥያቄ አታጣድፊኝ። ወረቀት በብዛት አዘጋጂልኝ፣ ጥቁር እርሳስም። ስለ ጋሼ ልትቆጪኝ ትችያለሽ። መብትሽ ነው። ተቆጪኝ፣ እሰማሻለሁ፣ አላቋርጥሽም። ቤትሽ አልገባም ካልሽኝም መስፊያ ቤቱ ጓሮ አልጋ አለ። ግን አስቀድመሽ የሚከተለውን አንብቢ።

የሰፋሁት ጠንካራ ስፌት ነው፣ በሙያዬ አልታማም። የአያትየው ሰማንያ ዓመት ያህል ይዟል። የእኔ ስንት እንደሚይዝ ግን አላውቅም፣ ይህን ሳስብ ላብ ያጠምቀኛል። ቆዳ ይደርቃል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ይመታዋል። አንድ ቀን ቢላላ ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣው መጨረሻ የገባው ድምፅ ነው። የሚሄደውም ወዳንቺ ነው፤ ከአንቺ ሌላ የሚጠራው ሰው አያውቅም። ደስ ብሎት፣ ሮጦ፣ ከሥራ ስገባ እንደማደርገው ከደረጃው ሥር ይጠራሻል። የራሴ ስለሆነ እንዴት እንደሚያባብል አውቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንቢ ብለሽኝ አታውቂም።

ስለዚህ፣ እትዬ፣ ቀትር ላይ «እትዬ፣ ነይማ» ስል ብትሰሚኝ አትነሺ። መጀመሪያ ወደ ጎንሽ ዘወር ብለሽ እዪ። እኔ እዚያ ተቀምጬ እሰፋለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ። ደጅሽ አይጉደል፣ ቀትርሽ ሰላም ይሁን።

ታናሽ እህትሽ